«ይቅርታ» ከማለታችሁ በፊት፦ አሜሪካ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛ ለሆነ ሐበሻ የዩኒየን መመሪያ

የካውንቲ አውቶቡስ ሹፌር ሆኜ በሁለተኛው ዓመቴ ነው። አንድ የኖቬምበር ጠዋት ፌርማታ ስጠጋ የቀኝ መስታወቴን የዛፍ ቅርንጫፍ መታው። ሰው አልተጎዳም። መስታወቱ ብቻ ተሰንጥቆ ተንጠለጠለ።

ከሰዓት በኋላ ሱፐርቫይዘሬ ቢሮ ጠራኝ። በፈገግታ ተቀበለኝ። «ምንም አይደል፤ የሆነውን በራስህ አባባል ጻፍልኝ» አለና ወረቀትና ሰማያዊ እስክሪብቶ ገፋ አደረገልኝ። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው ይባል የለ? ጻፍኩ። እንደ ደንባችን በይቅርታ ጀመርኩ። «ለተፈጠረው ነገር በጣም ይቅርታ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ብዬ በእንግሊዝኛ አሰፈርኩ። በአማርኛ ይሄ ጨዋነት ነው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይለይም እንለዋለን። እዚያ ወረቀት ላይ ግን የእምነት ቃል ሆነብኝ። ሦስት ቀን ያለ ደሞዝ ታገድኩ።

በኋላ የዩኒየናችንን (የሠራተኛ ማኅበራችንን) ስቱዋርድ፣ ማለትም በሥራ ቦታ ሠራተኛውን የምትወክለውን ሴት፣ አገኘኋት። በዕድሜ የገፋች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምታነብ ሴት ነበረች። ፋይሉን አገላብጣ አየችው። ስለዚያ ቅርንጫፍ ከኔ በፊት ሁለት ሹፌሮች በጽሑፍ ሪፖርት አድርገው ነበር። የቆረጠው ሰው ግን የለም። ልትከራከርልኝ ትችል ነበር። ችግሩ፣ እሷ ጋ የደረስኩት በ14ኛው የሥራ ቀን ነው። ኮንትራታችን (ዩኒየኑ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር የተፈራረመው ውል) ቅሬታ ለማስገባት የሚፈቅደው 10 ቀን ነበር።

ዛሬ እኔ ራሴ ስቱዋርድ ነኝ። የሐበሻ ልጆች ደውለው የሚነግሩኝ ነገር ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። መጀመሪያ ፈርመዋል፤ ከዚያ ደውለዋል። ይህ መመሪያ ያ ቅደም ተከተል እንዲገለበጥ ነው። ለሹፌር፣ ለሆስፒታል ረዳት፣ ለትምህርት ቤት ሠራተኛ፣ ለፓርኪንግ ተቆጣጣሪ፣ ለፖስታ ቤት፣ ደሞዙን ከካውንቲ፣ ከከተማ፣ ከስቴት ወይም ከፌዴራል መንግሥት ለሚያገኝ ሁሉ። ዓመተ ምሕረቶቹና ሰዓቶቹ በሙሉ የፈረንጅ ናቸው።

1. የትኛው ሕግ እንደሚገዛችሁ እወቁ

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። የ1935ቱ የአሜሪካ የሠራተኛ ግንኙነት ሕግ የግል ኩባንያ ሠራተኞችን ነው የሚመለከተው። ከፖስታ ቤት በቀር የመንግሥት ሠራተኞችን በግልጽ ያስወጣል። ስለዚህ በሱፐርማርኬት የሚሠራ ጓደኛችሁ የነገራችሁ መብት ለእናንተ ላይሠራ ይችላል። የእናንተም ለእሱ ላይሠራ ይችላል።

የስቴትና የካውንቲ ሠራተኛ ከሆናችሁ የሚገዛችሁ የስቴታችሁ ሕግ ነው። ይሄ ደግሞ ከቦታ ቦታ ሰማይና ምድር ነው። የመንግሥት ሠራተኛ በዩኒየን እንዲደራደር የፈቀደው የመጀመሪያው የስቴት ሕግ የወጣው በ1959 ዊስኮንሰን ውስጥ ነው። በዚያው ዓመት ኖርዝ ካሮላይና የተቃራኒውን ሕግ አወጣች፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከዩኒየን ጋር ኮንትራት እንዳይፈርም ከለከለች። ሜሪላንድ በ2023 የመንግሥት ሠራተኞችን የሥራ ግንኙነት ጉዳይ የሚያይ አንድ የጋራ ቦርድ አቋቁማለች። ዋሽንግተን ዲሲ የራሷ ቦርድ አላት። ቨርጂኒያ ውስጥ ከዩኒየን ጋር ኮንትራት መፈራረም ለረጅም ጊዜ ክልክል ነበር። በ2020 የወጣ ሕግ ከሜይ 1፣ 2021 ጀምሮ ካውንቲዎችና ከተሞች በራሳቸው ውሳኔ እንዲፈቅዱ በር ከፈተ። አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተንና ፌርፋክስ በዚያው ዓመት ፈቀዱ። እነዚህ ሦስቱ የሐበሻ ሠፈሮች ናቸው። ስለዚህ እዚያ የምትሠሩ ካላችሁ፣ ከዓመታት በፊት የሰማችሁትን «እዚህ ዩኒየን የለም» የሚል ወሬ ተዉት፤ እንደ አዲስ ጠይቁ።

ከፖስታ ቤት ሌላ ያሉት የፌዴራል ሠራተኞች በአብዛኛው በ1978ቱ ሕግ ይገዛሉ። በማርች 2025 የወጣ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ብዙ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ከዚህ ሕግ ሽፋን አውጥቷል፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደርሷል። እናንተ የፌዴራል ከሆናችሁ ከማንም ወሬ በፊት ሎካላችሁ (የአካባቢያችሁ የዩኒየን ቅርንጫፍ) ዘንድ ደውሉና ዛሬ ያለው ሁኔታ ምን እንደሆነ አጣሩ።

ከአገር ቤት የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጣን ሰዎች ይሄ ሁሉ እንግዳ ይሆንብናል። እውነትም እንግዳ ነው። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የመንግሥት ሠራተኛን አይመለከትም፤ ያ ሠራተኛ በሌላ ሕግ ነው የሚተዳደረው። ኢሠማኮን (የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንን) የምናውቀው በፋብሪካና በድርጅት ሠራተኛ ነው። ስለዚህ «መንግሥትን በዩኒየን መጠየቅ» የሚባል ልምድ ሳይኖረን ነው እዚህ የምንገባው። ይሄ ስንፍና አይደለም። ግን መማር አለብን።

2. የአባልነት ካርዱን ፈርሙ፣ የደሞዝ ቼኩንም አንብቡ

ከጁን 27፣ 2018 ወዲህ፣ ጃነስ በተባለው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ምክንያት፣ ማንም የመንግሥት ሠራተኛ ለዩኒየን እንዲከፍል አይገደድም። አባል ካልሆናችሁ ከቼካችሁ አንድ ሳንቲም አይቆረጥም። ኮንትራቱ ግን ይሸፍናችኋል። በብዙ ቦታ ዩኒየኑ ላልከፈለውም ሰው በቅንነት የመቆም ግዴታ አለበት።

«ታዲያ ለምን እከፍላለሁ?» የሚል ጥያቄ በየሳምንቱ እሰማለሁ። መልሴን በእድር ነው የምሰጠው። እድር የማይከፍል ጎረቤት አለ እንበል። ሐዘን ሲደርስበት ደንቡ «ቅበሩት፣ ድንኳኑንም ትከሉለት» ይላል። አንድ ሰው ቢሆን ይቻላል። ግማሹ ሠፈር እንዲህ ካደረገ ግን ድንኳኑ ራሱ አይኖርም። ዩኒየንም እንደዚያው ነው። ጠበቃ፣ አርቢትሬተር (ክርክሩን የሚዳኝ ገለልተኛ ሰው)፣ የኮንትራት ድርድር፣ ሁሉም ገንዘብ ነው። ደግሞም ኮንትራቱ ሲጸድቅ ድምፅ የሚሰጡት፣ የሎካሉን መሪዎች የሚመርጡት አባላት ናቸው።

ቼካችሁ ላይ መዋጮ የምትለዋ መስመር ታሪክ አላት። ፌብሩዋሪ 1፣ 1968፣ ሜምፊስ ውስጥ ኤኮል ኮልና ሮበርት ዎከር የተባሉ ሁለት የከተማው ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ከዝናብ ለመጠለል የመኪናው ኋላ ክፍል ገቡ። መጭመቂያው ሳይታሰብ ተነስቶ ገደላቸው። በዚያው ወር 1,300 ያህል ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ደረታቸው ላይ ያንጠለጠሉት ሰሌዳ «እኔ ሰው ነኝ» ይላል። ከደሞዝና ከደኅንነት ሌላ የጠየቁት ሁለት ነገር ነበር፤ ከተማው ዩኒየናቸውን እንዲያውቅና መዋጮው ከቼካቸው እንዲቆረጥ። ከንቲባው እምቢ አሉ። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ እነሱን ሊደግፉ ሄደው ነው ኤፕሪል 4 እዚያው የተገደሉት። ስምምነቱ የመጣው ኤፕሪል 16 ነው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ያቺን መስመር ዝም ብዬ አላልፋትም።

ቼኩን ስታነቡ ኦቨርታይሙንም እዩ። የስቴትና የአካባቢ መንግሥት ከግል ድርጅት የሚለይበት አንድ ነገር አለ። በስምምነት፣ በኦቨርታይም ገንዘብ ፈንታ የዕረፍት ሰዓት ሊሰጣችሁ ይችላል። እሱም ለአንድ ሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል መሆን አለበት። አንድ ለአንድ እየተሰጣችሁ ከሆነ ገንዘባችሁ እየሄደ ነው።

3. ኮንትራቱን እጃችሁ አስገቡ

ሎካላችሁ ይሰጣችኋል፤ ብዙ ካውንቲም ድረ ገጹ ላይ ያስቀምጠዋል። ስልካችሁ ላይ ጫኑት። ሁሉንም እንድታነቡ አልጠብቅም። አራት ቦታ ብቻ ፈልጉ፦ የግሪቫንስ (በኮንትራቱ መሠረት በጽሑፍ የሚገባ ቅሬታ) አንቀጽ፣ የዲሲፕሊን አንቀጽ፣ የሲኒየሪቲ (በአገልግሎት ዘመን የሚገኝ ቅድሚያ) አንቀጽ፣ የፈቃድ አንቀጽ። ግሪቫንሱ ጋ የቀን ገደቡን አስምሩበት። የሥራ ቀን ነው የካላንደር ቀን? ልዩነቱ ሰው ያስበላል።

የሙከራ ጊዜ ላይ ከሆናችሁ ጠንቀቅ በሉ። በአብዛኛው ኮንትራት የሙከራ ጊዜ ሠራተኛ ከሥራ ሲባረር ግሪቫንስ ማስገባት አይችልም። የሙከራ ጊዜው የሚያልቅበትን ቀን በጽሑፍ ጠይቃችሁ ያዙ።

4. ስቱዋርዱን ሳይቸግራችሁ ተዋወቁ

ሳይቃጠል በቅጠል። ስሙን፣ ስልኩን፣ ሺፍቱን ያዙ። የሌላ ሺፍት ስቱዋርድ ስልክም ያዙ። ቡና ጋብዙት። ለዩኒየን ጉዳይ የመሥሪያ ቤቱን ኢሜይልና ኮምፒውተር አትጠቀሙ። መሥሪያ ቤቱ ሊያየው ይችላል። የመንግሥት ኢሜይል ስለሆነም በመረጃ ነፃነት ሕግ ሌላ ሰው ጠይቆ ሊያገኘው ይችላል። የግል ስልካችሁና የግል ኢሜይላችሁ ይበቃሉ።

5. ደብተር ያዙ

የኔ ደብተር ኪስ የምትገባ፣ ጥቁር ሽፋን ያላት፣ ከዶላር ስቶር የተገዛች ናት። በየገጹ አናት ቀን፣ ሰዓትና ቦታ አለ። ከሥሩ ማን ምን እንዳለ፣ ማን እንደነበረ። አስተያየት የለበትም። «ሱፐርቫይዘሩ ጠላኝ» ብላችሁ አትጻፉ። «6፡40 ጠዋት፣ ዲስፓች መስኮት ጋ፣ ሁለት ሰው ባለበት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲህ አለኝ» ብላችሁ ጻፉ፤ ያለውንም በራሱ ቋንቋ።

በአማርኛ መጻፍ ይቻላል? ይቻላል። በዚያው ቀን የተጻፈ አማርኛ፣ ከስድስት ወር በኋላ ከሚታሰብ እንግሊዝኛ ይሻላል። የአለቃን ቃል ብቻ በእንግሊዝኛው አስቀምጡት። ድምፅ መቅዳት ግን ሌላ ነገር ነው። ሜሪላንድን በመሳሰሉ ስቴቶች ሰው ሳይፈቅድ ንግግሩን መቅዳት ወንጀል ነው። ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አብርታችሁ እንዳትገቡ።

6. ቢሮ ስትጠሩ

እዚህ ጋ ቀስ እንበል። ብዙ ሥራ የሚጠፋው እዚህ ነው።

በ1972 ሂዩስተን ውስጥ ሊውራ ኮሊንስ የተባለች የሱቅ ሠራተኛ ነበረች። የ2 ዶላር ከ98 ሳንቲም ዶሮ ወስደሽ 1 ዶላር ብቻ ከፍለሻል ተብላ ተጠረጠረች። ምርመራ ላይ ደጋግማ የዩኒየን ሰው ጠየቀች፤ ተከለከለች። በ1975 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መከልከሏ ስህተት ነው አለ። መብቱ በሱቁ ስም ዋይንጋርተን ይባላል። የሷ ጉዳይ የግል ድርጅት ነው። የፌዴራል ሠራተኞች ግን በ1978ቱ ሕግ ውስጥ ተመሳሳዩን አግኝተዋል። ብዙ ስቴቶችም በሕጋቸው፣ ወይም ኮንትራቱ ራሱ፣ ይህንኑ ይሰጣሉ።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ካልጠየቃችሁ የለም። አለቃችሁ የማስታወስ ግዴታ የለበትም በብዙ ቦታ። ፖሊስ በፊልም ላይ እንደሚያነብበው ዓይነት ማንም መጥቶ አያነብላችሁም።

እንዲህ አድርጉ። ገብታችሁ ከመቀመጣችሁ በፊት፣ ይህ ስብሰባ ወደ ዲሲፕሊን ሊያመራ ይችል እንደሆነ ጠይቁ። «ኩድ ዚስ ሊድ ቱ ዲሲፕሊን?» መልሱ «አዎ» ወይም «ምናልባት» ከሆነ፣ ወይም ጥያቄው ወደ ምርመራ ከዞረ፣ ይህቺን በሉ፦ «አይ ሪክዌስት ዩኒየን ሪፕረዘንቴሽን።» የዩኒየን ተወካይ እጠይቃለሁ ማለት ነው። በእንግሊዝኛው አራት ቃል ናት። መስታወት ፊት ቆማችሁ ተለማመዷት። አነጋገሬ ያስቅ ይሆን ብላችሁ አትፈሩ። እኔ ለአዲስ አባላት ሳስተምር ጮክ ብለው ሦስት ጊዜ እንዲሏት አደርጋለሁ።

ከዚያ አለቃው ሦስት ምርጫ አለው። ስቱዋርድ እስኪመጣ መጠበቅ፣ ስብሰባውን ማቆም፣ ወይም «ያለ ስቱዋርድ ትቀጥላለህ ወይስ ይቅር?» ብሎ ምርጫውን ለእናንተ መስጠት። ምርጫውን ለእናንተ ከሰጣችሁ «ይቅር፣ ስቱዋርዴን እጠብቃለሁ» በሉ። ይሉኝታ ይዟችሁ «ችግር የለም፣ እንቀጥል» እንዳትሉ። እኛን የሚያስበላን ይቺ «ችግር የለም» ናት።

እምቢ ብሎ ጥያቄ ማቅረቡን ከቀጠለስ? ተነስታችሁ አትውጡ። ትእዛዝ አልቀበልም ብላችሁም አትጩኹ። ስቱዋርድ መጠየቃችሁን ድገሙ። ደብተራችሁ ላይ ሰዓቱን ጻፉ። የግድ መልሱ ከተባላችሁ አጭርና እውነት መልሱ። አትዋሹ። ከመጀመሪያው ጥፋት ይልቅ በምርመራ ላይ በመዋሸት የተባረረ ሰው አይቻለሁ።

ስቱዋርዱ ሲመጣ ከስብሰባው በፊት ለብቻችሁ ለመነጋገር ጠይቁ። ስቱዋርዱ ጥያቄ ግልጽ እንዲሆን መጠየቅ፣ ማስረጃ መጠቆም፣ ማስፈራሪያን መቃወም ይችላል። በእናንተ ፈንታ ግን አይመልስም። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል። «ተረድተሃል?» ሲሏችሁ ከጨዋነት የተነሳ ራሳችሁን አትነቅንቁ። ያልገባችሁን «አልገባኝም» በሉ።

ጥፋቱ ወንጀልም ሊሆን የሚችል ከሆነ፣ ለምሳሌ ገንዘብ ጠፋ ወይም ሰው ተመታ ከተባለ፣ ሌላ ደረጃ ነው። ከ1967ቱ የጋሪቲ ውሳኔ ወዲህ የመንግሥት ሠራተኛ «ካልመለስክ ትባረራለህ» ተብሎ ተገዶ የሰጠው ቃል በወንጀል ክስ ላይ ማስረጃ አይሆንበትም። በፈቃዳችሁ የሰጣችሁት ግን ይሆናል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ከሸተታችሁ ለስቱዋርዱ ብቻ ሳይሆን ለጠበቃም ደውሉ።

ሌላ ከግል ድርጅት ሠራተኛ የምትለዩበት ነገር አለ። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ፣ ያለ ምክንያት እንዳይባረር ሕግ የሚጠብቀው የመንግሥት ሠራተኛ፣ ከመባረሩ በፊት ክሱን አውቆ መልስ የመስጠት ዕድል ሊሰጠው ይገባል። ይሄ የ1985ቱ የላውደርሚል ውሳኔ ነው። ደብዳቤው ደርሷችሁ ለዚህ ስብሰባ ቀን ከተሰጣችሁ አትቅሩ። «ወስነው ጨርሰዋል» ብላችሁም አትተዉት። እዚያ የተባለው ሁሉ በኋላ በአርቢትሬሽን ይነበባል።

የማስጠንቀቂያ ወረቀት ፈርሙ ስትባሉ መጀመሪያ አንብቡ። ፊርማው በአብዛኛው ወረቀቱ ደርሶኛል ማለት ነው። አልፈርምም ማለት ራሱ ሌላ ጥፋት ሊባል ይችላል። ስለዚህ ከፊርማችሁ አጠገብ በእጃችሁ «ሪሲቭድ ኦንሊ፣ አይ ዱ ኖት አግሪ» (ደርሶኛል እንጂ አልስማማም) ብላችሁ ቀኑን አስፍሩ። ቅጂ ውሰዱ። የራሳችሁን ማብራሪያ ጻፉ ከተባላችሁ ደግሞ የኔን ሰማያዊ እስክሪብቶ አስታውሱ። የሆነውን ብቻ ጻፉ፦ ሰዓት፣ ቦታ፣ የአየሩ ሁኔታ፣ ያያችሁት። «ይቅርታ» የምትለዋን ቃል ለቤታችሁ አስቀምጧት። ሰው ተጎድቶ ከሆነ ማዘናችሁን መግለጽ ሌላ ነው፤ ጥፋተኛ ነኝ ማለት ሌላ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ወረቀት ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

7. ግሪቫንስ እንዴት ይጻፋል

ቅሬታ ሁሉ ግሪቫንስ አይደለም። አለቃችሁ ሰላም አይለኝም ብላችሁ ግሪቫንስ አታስገቡም። የኮንትራቱ አንቀጽ፣ ሕግ፣ የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ወይም ለዓመታት የተሠራበት ልማድ ሲጣስ ነው ግሪቫንስ የሚሆነው። ልማዱን አትናቁት። ለአሥር ዓመት ሁሉም ሹፌር ከሺፍት በፊት 15 ደቂቃ መኪና መፈተሻ ሲከፈለው ኖሮ አንድ ጠዋት በድንገት ቢቀር፣ ኮንትራቱ ላይ ባይጻፍም መከራከሪያ አለ።

ጥያቄ ሳይጣራ ቀን አይለፍባችሁ። ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ነገሩ ከተፈጠረበት ወይም ካወቃችሁበት ቀን ነው። «ከአለቃዬ ጋር እየተነጋገርን ነው፤ ይፈታል» እያላችሁ ስትጠብቁ ገደቡ ያልፋል። ተነጋገሩ፤ ግን ወረቀቱንም አስገቡ። ከተስማማችሁ መሳብ ይቻላል። ያለፈ ቀን ግን አይመለስም።

ጽሑፉ አጭር ይሁን። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ የትኛው አንቀጽ፣ ምን ይደረግልኝ። ታሪኩን በሙሉ አትተርኩ። ለምሳሌ የኦቨርታይም ጉዳይ እንዲህ ይሆናል፦ «በማርች 9 የቅዳሜ ኦቨርታይም ከእኔ ያነሰ ሲኒየሪቲ ላለው ሠራተኛ ተሰጠ። እኔ ዝርዝሩ ላይ ነበርኩ፤ አልተደወለልኝም። ይህ የኦቨርታይሙን አንቀጽና ሌሎች አግባብ ያላቸውን አንቀጾች በሙሉ ይጥሳል። የጠፋብኝ 8 ሰዓት በኦቨርታይም ዋጋ እንዲከፈለኝና በማንኛውም መልኩ የጎደለብኝ እንዲሟላልኝ እጠይቃለሁ።» «ሌሎች አግባብ ያላቸው አንቀጾች በሙሉ» የምትለዋን አትርሱ። በኋላ የተሻለ አንቀጽ ብታገኙ በሩ ክፍት ይሆናል። የጎደለው ሁሉ እንዲሟላ የምትለዋም እንዲሁ። ያልጠየቃችሁትን አርቢትሬተር አይሰጣችሁም።

ከዚያ ደረጃ በደረጃ ይሄዳል። መጀመሪያ የቅርብ አለቃ፣ ከዚያ የክፍሉ ኃላፊ፣ ከዚያ የሠራተኛ ግንኙነት ቢሮ፣ በመጨረሻ አርቢትሬሽን። ስቱዋርዱ መረጃ መጠየቅ ይችላል። የኔ መስታወት ላይ ስቱዋርዷ ልትጠይቅ የምትችለው የቅርንጫፉን ሪፖርቶች፣ የአውቶቡሱን ቪዲዮና ተመሳሳይ አደጋ የደረሰባቸው ሹፌሮች ምን እንደተቀጡ ነበር። ዲሲፕሊን ላይ «በቂ ምክንያት» የሚባለው ሚዛን የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ሠራተኛው ደንቡን ያውቅ ነበር? ምርመራው ፍትሐዊ ነበር? ሌላው ሰው ለተመሳሳይ ነገር ተመሳሳይ ቅጣት ነው ያገኘው? ቅጣቱስ ከጥፋቱ ጋር ይመጣጠናል?

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ወደ አርቢትሬሽን መሄድ አለመሄዱን በአብዛኛው የሚወስነው ዩኒየኑ ነው። እናንተ አይደላችሁም። ዩኒየኑ በዘፈቀደ፣ በአድልዎ ወይም በክፋት መተው አይችልም። ግን ደካማ ነው ብሎ በቅንነት መዝኖ ሊተወው ይችላል። ይህን ሳያውቁ የተቆጡ ሰዎች አሉ። ቁጣው ይገባኛል። ለዚያ ነው ደብተሩንና ቀኑን እንዲህ የምነዘንዘው። ጠንካራ ፋይል ለመተው ይከብዳል።

እስከዚያው ትእዛዙን ፈጽሙ፣ ከዚያ ግሪቫንስ አስገቡ። ሕይወት ላይ ግልጽ አደጋ የሚያመጣ ትእዛዝ ካልሆነ በስተቀር። ፍሬን የማይዝ አውቶቡስ ውጣበት ስትባሉ አትወጡም። ለምን እንደማትወጡ ግን በግልጽ ተናገሩና በጽሑፍ ሪፖርት አድርጉ።

ሥራ ማቆምን በተመለከተ ባጭሩ፦ ለመንግሥት ሠራተኛ በብዙ ስቴት ክልክል ነው። ለፌዴራል ሠራተኛ ጭራሽ አይታሰብም። በ1981 ከ11,000 በላይ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ሥራ በማቆማቸው በአንድ ጊዜ ተባርረዋል። በቡድን ሆናችሁ «ሲክ» ለመጥራት (አሞኛል ብሎ ለመቅረት) በቴሌግራም አትስማሙ።

8. በዓላችንን ጠረጴዛው ላይ አምጡ

ዩኒየን የችግር ቀን ብቻ አይደለም። ኮንትራቱ ሊታደስ ሲል ሎካሉ አባላቱን ምን እንደሚፈልጉ ይጠይቃል። ሐበሻው ያንን መጠይቅ አይሞላም። ከዚያ ጃንዋሪ 7 ገናን ሥራ ላይ እናሳልፋለን። ስቅለትን፣ ኢድን እንዲሁ። ሠራተኛው እንደየእምነቱ ቀኑን የሚመርጥበት ተንቀሳቃሽ የበዓል ቀን ለመጠየቅ የሚያስፈልገው ድምፅ ነው። ሙስሊሙ፣ ኦርቶዶክሱ፣ አይሁዱ፣ ሂንዱው አብረው ከጠየቁት ይሰማል።

ለግላችሁ ደግሞ በጁን 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ የፖስታ ሠራተኛ ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ አለ። ጉዳዩ የተነሳው ሠራተኛው ጄራልድ ግሮፍ በእምነቱ ምክንያት እሁድ አልሠራም በማለቱ ነው። ፍርድ ቤቱ፣ አሠሪ የእምነት ፈቃድ ለመከልከል ትንሽ ወጪ መኖሩን ማሳየት አይበቃውም፤ ከሥራው አንጻር ከባድ ጫና መሆኑን ማሳየት አለበት አለ። ጥያቄውን ቀደም ብላችሁ፣ በጽሑፍ አስገቡ። የሌላውን ሰው ሲኒየሪቲ የሚጥስ እንዳይሆን ግን ከስቱዋርዱ ጋር ተማከሩበት። ከጓደኛ ጋር ሺፍት መቀያየር ብዙ ጊዜ አጭሩ መንገድ ነው።

9. ከሥራ ውጪ፣ ሠፈር ውስጥ

እኔ የምነዳው መስመር ላይ ጠዋት ጠዋት ነጠላ ያደረጉ እናቶች ይሳፈራሉ። ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ክሊኒክ፣ የልጅ ልጅ ወደ መጠበቅ። አንዷ ሁልጊዜ «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ብለው ነው የሚወርዱት። ካውንቲው ያንን መስመር ለመቀነስ ሲያስብ እኔ የምጎዳው ሺፍት በማጣት ነው። እሳቸው የሚጎዱት ሐኪማቸውን በማጣት ነው። ሁለታችንም አንድ ስብሰባ ላይ መገኘት አለብን።

የካውንቲ ምክር ቤቶችና የትምህርት ቦርዶች በጀት ከማጽደቃቸው በፊት ሕዝብ የሚናገርበት ቀን ይከፍታሉ። ቀድማችሁ ተመዝገቡ። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው። ሦስት ደቂቃ በአማርኛ ሰላምታ ብቻ ያልቃል። ስለዚህ ጻፉት፣ በሰዓት ለኩት። ስማችሁን፣ የምትኖሩበትን ሠፈር፣ ስንት ዓመት እንደሠራችሁ ተናገሩ። አንድ ያያችሁትን ነገር ንገሯቸው። ከዚያ የምትጠይቁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጡ። ለእናቶቹም ቦታ አስይዙላቸው፤ አስተርጓሚ ቀድሞ ሲጠየቅ የሚያቀርቡ ብዙ ካውንቲዎች አሉ።

ስትናገሩ ከሥራ ሰዓት ውጪ ሁኑ። ዩኒፎርም አትልበሱ። እንደ ነዋሪና እንደ ዩኒየን አባል እንጂ በመሥሪያ ቤቱ ስም አትናገሩ። የሕዝብ ጉዳይ ላይ እንደ ዜጋ የመናገር መብታችሁን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1968 ለጋዜጣ ደብዳቤ በጻፈ አንድ አስተማሪ ጉዳይ ላይ አስጠብቋል። ገደብ የለውም ማለት ግን አይደለም። የተሳፋሪን ወይም የታካሚን ጉዳይ በቲክቶክ ማውራት ሌላ ነገር ነው። የፌዴራል ሠራተኛ ከሆናችሁ የ1939ኙ የሃች ሕግ አለ። በሥራ ሰዓትና በሥራ ቦታ ለዕጩ መቀስቀስ፣ ለፖለቲካ ገንዘብ መሰብሰብ አይቻልም።

ከምክር ቤቱ ውጪም ሥራ አለ። የደብዳቤ አዳዮች ዩኒየን ከ1993 ጀምሮ በሜይ ሁለተኛው ቅዳሜ በመላ አገሪቱ ምግብ ይሰበስባል። እናንተ የምታደርጉት የታሸገውን ምግብ ከፖስታ ሳጥኑ ሥር ማስቀመጥ ብቻ ነው፤ አዳዩ ይወስደዋል። ይህን ቤተ ክርስቲያናችሁና መስጊዳችሁ ውስጥ አሳውቁ። ሎካላችሁ የዜግነት ፈተና ትምህርት ወይም ለአባላት ልጆች ስኮላርሺፕ ካለው አጣሩ። ብዙዎቹ አላቸው፤ የሐበሻ ልጆች ግን ስለማያውቁት አያመለክቱም።

10. ስቱዋርድ ልሁን የምትሉ ካላችሁ

እንግሊዝኛችሁ እስኪስተካከል አትጠብቁ። ሎካሉ ሥልጠና ይሰጣል። የመጀመሪያዎቹን ጉዳዮች ከአንድ ነባር ስቱዋርድ ጋር ገብታችሁ ዝም ብላችሁ አዳምጡ። አማርኛ ወይም ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ መናገራችሁ ለሎካሉ ትልቅ ነገር ነው። ኮንትራቱን በሙሉ መተርጎም አይጠበቅባችሁም። ግሪቫንሱን፣ ዲሲፕሊኑንና የቀን ገደቡን በአንድ ገጽ በቋንቋችን ጻፉና ዕረፍት ክፍሉ የዩኒየን ሰሌዳ ላይ ለጥፉት። ከሥሩ የሚያስጠይቀው እንግሊዝኛው ኮንትራት መሆኑን ግለጹ።

የሰው ምስጢር ያዙ። ሐበሻው ትንሽ ነው፤ አንድ ዲስፓች ክፍል ውስጥ የተወራ ቅዳሜ ሠርግ ላይ ይደርሳል። አንድ ጊዜ ከአፋችሁ ካመለጠ ሁለተኛ የሚደውል አይኖርም።

ቦርሳዬ ውስጥ አሁን ያለው ይሄ ነው። ባዶ የግሪቫንስ ፎርም አምስት፣ የአባልነት ካርድ አሥር፣ ያቺን አራት ቃል በሁለት ቋንቋ የጻፍኩባት ትናንሽ ወረቀት አንድ ጥቅል፣ የሚቀጥለው ዓመት ካላንደር፣ ሁለት እስክሪብቶ። ባለፈው ሳምንት አንድ አዲስ ሹፌር ከጠዋቱ 5፡50 ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ቢሮ እየጠሩኝ ነው፤ በሩ ላይ ነኝ፣ ገና አልገባሁም» አለኝ። ጫማዬን እያጠለቅኩ «እዚያው ቁም፣ መጣሁ» አልኩት።